ክሩዘር ወይስ ቱሪንግ? ለውርጌሳ ነጋዴ ወሳኙ 5 ሴንቲ ሜትር ነው

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኘው ውርጌሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ነች። በዚህ አካባቢ ማሽላና ጤፍ የሚሰበስብ ነጋዴም ሆነ ሻጭና ገዢ የሚያገናኝ ደላላ ውሎው ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከፊሉ በአስፋልቱ፣ ከፊሉ ከአስፋልቱ በሚገነጠሉ የገጠር ኮሮኮንች መንገዶች። ሞተር ሳይክል ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ምርጫውን መጀመር ያለበት ከመንገዱ ነው።

ሁለቱ ሞተሮች

ክሩዘር የሚባለው፣ የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ያስተዋወቀው ዓይነት፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ እግር ወደ ፊት የሚዘረጋበት ሞተር ነው። ቱሪንግ ደግሞ ለረጅም ጉዞ የተሠራ ሲሆን ቀጥ ብሎ ያስቀምጣል፤ ዕቃም ይጭናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ለዕይታ የቀረበው የጃፓኑ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የዚህ ዓይነት ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ክብደቱ ከ360 ኪሎ በላይ የሆነ ሞተር ለገጠር መንገድ አይታሰብም።

በመሆኑም ንጽጽሩ በመካከለኛዎቹ ላይ ቢሆን ይሻላል። የሕንዱ ሮያል ኢንፊልድ ሁለቱንም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ሂማሊያን ለአስፋልትም ለኮሮኮንችም የታሰበ የጉዞ ሞተር ነው፤ በ2020 የወጣው ሜትዮር 350 ግን ክሩዘር ነው። የሁለቱም ታንክ 15 ሊትር ይይዛል። በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ቢታሰብ 450 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል፤ የደሴና ወልዲያ ደርሶ መልስ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ በነዳጅ በኩል አይበላለጡም።

ልዩነቱ ከሥር ነው። ሜትዮር ከመሬት 17 ሴንቲ ሜትር፣ ሂማሊያን 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላሉ። ድንጋይና ቦይ ባለበት መንገድ ይህ 5 ሴንቲ ሜትር ሞተሩን ከመመታት ያድናል። የሂማሊያን ጎማ ከመነዳሪ ያለው በመሆኑ ማንኛውም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። ክሩዘሩም የራሱ ጥቅም አለው፤ መቀመጫው ዝቅ ስለሚል አጭር ሰው በገበያ ግርግር መካከል ሳይቸገር እግሩን መሬት ያደርሳል። ጉድጓድ ሲመጣ ግን እግሩ ወደ ፊት የተዘረጋ ነጂ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ስለማይመቸው ምቱን የሚቀበለው ወገቡ ነው።

የታሰረ ካፒታል

ለነጋዴ ግን ትልቁ ጥያቄ ገንዘቡ ነው። ለስሌት ያህል 300,000 ብር ያለው ሰው 200,000ውን ለሞተር ቢያውል ለእህል መግዣ የሚቀረው 100,000 ብር ነው። ካፒታሉ በወር ሁለት ጊዜ ቢገላበጥና በየዙሩ 5 በመቶ ቢያተርፍ፣ ሞተሩ ላይ የታሰረው ገንዘብ በወር 20,000 ብር ትርፍ ያስቀራል። ዋጋው ግማሽ በሆነ ሞተር የሚቀረው ትርፍ 10,000 ብር ብቻ ነው። ውዱ ሞተር ይህን ልዩነት በሥራው መመለስ አለበት።

የመለዋወጫ ጉዳይም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ይህን ይከተላል። ጋራዡ የማያውቀው ሞተር አንድ ዕቃ ሲጎድለው ለሳምንታት ይቆማል፤ ሲሸጥም ገዢው ጥቂት ነው።

የሕግ ሥጋትም አይዘነጋም። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ሲደረግ፣ የብዙዎች የሥራ መሣሪያ ያለ ሥራ ቆሟል። በሞተር ላይ የሚውል ገንዘብ ቢታገድም ነጋዴውን የማይጥል መጠን ሊሆን ይገባል።

ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ለውርጌሳ የሚስማማው ቱሪንጉ ነው። ካፒታሉ ውስን ለሆነ ነጋዴ ግን ሁለቱም ይቅሩ፤ እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያለ፣ መካኒኩ የሚያውቀውና በማንኛውም ቀን የሚሸጥ አነስተኛ ሞተር ገዝቶ ቀሪውን እህል ላይ ማዋል ያዋጣል።