የጨረር ሕክምናና የፕላዝማ ሞገድ

መግቢያ
በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ባለሙያዎች የማኅፀን በር ወይም የጡት ካንሰር የጠረጠሩባቸውን ሕሙማን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ይልካሉ። በአገራችን የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 መሣሪያ ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ዓመታት ሌላ ማዕከል ስላልነበረ ብዙዎች በወረፋ ተጎድተዋል። ስለዚህ «በሌዘር የሚሠራ አዲስ መሣሪያ ወጥቷል ይባላል፤ ብንጠብቀውስ?» ለሚል ሕመምተኛ ተገቢውን መልስ ለመስጠት የነገሩን መሠረት ማወቅ ይጠቅማል።

የተለመዱት መሣሪያዎች
የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ 5.3 ዓመት ያህል ነው። ምንጩ በዚህ ጊዜ ካልተለወጠ አንድን የጨረር መጠን ለመስጠት የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ወረፋውም ይረዝማል። ሊኒየር አክስለሬተር ግን ኤሌክትሮኖችን በማይክሮዌቭ ኃይል አፍጥኖ ከብረት ጋር በማላተም ኤክስሬይ ያመነጫል። ሆኖም የኤሌክትሪክ መስኩ በአንድ ሜትር ወደ 100 ሚሊዮን ቮልት ሲጠጋ በመዳቡ ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለሚፈጠር ከዚያ በላይ መጨመር አዳጋች ነው።

የፕላዝማ ሞገድ
ፕላዝማ ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ በመሆኑ እንዲህ ያለው ጉዳት አያሰጋውም። እጅግ አጭር የሌዘር ምት ሲያልፍበት ቀላሎቹን ኤሌክትሮኖች ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ ከባዶቹ አዮኖች ግን በስፍራቸው ይቀራሉ። የተገፉት ኤሌክትሮኖች በአዮኖቹ ተስበው ሲመለሱ ስፍራቸውን አልፈው ይሄዳሉ፤ እንደገናም ይመለሳሉ። ይህ ውዝዋዜ፣ በሐይቅ ላይ የምትጓዝ ጀልባ ከኋላዋ እንደምታስከትለው ሞገድ፣ ሌዘሩን ይከተላል። በተስማሚው የሞገዱ ክፍል የገባ ኤሌክትሮን በአንድ ሜትር እስከ 100 ቢሊዮን ቮልት በሚደርስ መስክ ይፈጥናል።

ሐሳቡን ታጂማና ዶውሰን እ.ኤ.አ. በ1979 አቀረቡ። በ1985 ስትሪክላንድና ሙሩ የፈጠሩት፣ በ2018 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው የሌዘር ማጎልበቻ ዘዴ መንገዱን ከፈተ። በ2006 በአሜሪካ በርክሌይ ተመራማሪዎች በ3.3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ብቻ 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ደረሱ።

ለሕክምና ያለው ትርጉም
ዛሬ ለሕክምና የሚውሉት ከ6 እስከ 20 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ከቆዳ ሥር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፉም። ከ100 እስከ 250 ሚሊዮን ያላቸው ግን በጥልቀት ያለ ዕጢ ዘንድ ይደርሳሉ። ፕላዝማ እነዚህን በአነስተኛ ስፍራ ሊያመነጭ ይችላል። ይሁን እንጂ የሌዘሩ ምቶች ከአንዱ ወደ ሌላው መለያየታቸው ችግር ነው። መጠኑ በትክክል ያልታወቀ ጨረር ለሰው አይሰጥምና ዘዴው ገና በምርምር ላይ ይገኛል፤ የዘወትር ሕክምና አልሆነም።

ማጠቃለያ
ዕጢ መሣሪያ እስኪመጣ አይጠብቅም። በማኅፀን በር ካንሰር ጠቅላላው የጨረር ሕክምና ከ8 ሳምንት በላይ ሲራዘም የመዳን ዕድል ይቀንሳል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው በጊዜ መርምሮ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱን አያይዞ ሕመምተኛዋን መላክና የጀመረችውን ሕክምና እንዳታቋርጥ መከታተል ይኖርበታል።