የግሪክና የላቲን የቃል ብልቶች በመዝገበ ቃላት ውስጥ

በየትምህርት ክፍላችን ዕለት ዕለት ከምንሰማቸው ቃላት ብዙዎቹ ከግሪክና ከላቲን ብልቶች የተገጣጠሙ ናቸው። «ባዮሎጂ»ን እንውሰድ። «ባዮ» ሕይወት፥ «ሎጂ» ጥናት ማለት ነው። በሰዋስው እንደ ተማርነው ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የሚጨመሩት በአንድ ሙሉ ቃል ላይ ነው። እንግዲህ «ባዮ»ን ባዕድ መነሻ፥ «ሎጂ»ንም ባዕድ መድረሻ ብንላቸው በመካከላቸው የሚቀር ቃል የለም፤ ቤቱ ያለ ምሰሶ በሁለት በር ብቻ ቆመ ማለት ይሆንብናል።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሌላ ስም አወጡላቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1884 እስከ 1928 በየክፍሉ የታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት «ተጣማሪ ቅርጽ» ይላቸዋል፤ እንደ ሙሉ ቃልም የየራሳቸውን ቦታ ይሰጣቸዋል። አጠገባቸው ያለችው ትንሽ ሰረዝ በስተቀኝ ከሆነች ብልቱ በፊት፥ በስተግራ ከሆነች በኋላ እንደሚገባ ታመለክታለች። ብዙዎቻችን ሳናያት እናልፋታለን።

መልካቸው አንድ የሆኑትን መለየትም የመዝገበ ቃላት ፈንታ ነው። በ«ፔዳጎጂ» ያለው «ፔድ» ግሪክ ነው፥ ሕፃን ማለት ነው፤ በ«ፔዳል» ያለው ግን ላቲን ነው፥ እግር ማለት ነው። «ቴሌቪዥን» ደግሞ ሩቁ ከግሪክ፥ ማየቱ ከላቲን የመጣ ድቅል ነው። በ1961 የወጣው ሦስተኛው የዌብስተር መዝገበ ቃላት በየትኛው ቋንቋ መጀመሪያ እንደ ተሠሩ ለማይታወቁ ቃላት «ዓለም አቀፍ የሳይንስ ቃላት» የሚል ምልክት አበጀ። ብልሃተኛ መሸሸጊያ ነው እንላለን።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ቃሉ ከመገጣጠሚያው ውጭ ሲቈረጥ ነው። በ1861 በፈረንሳይ አገር «ሄሊኮፕተር» ሲሠራ ብልቶቹ «ሄሊኮ» (ጠመዝማዛ) እና «ፕተር» (ክንፍ) ነበሩ። ተናጋሪው ግን «ሄሊ» እና «ኮፕተር» ብሎ ከፈለውና ማረፊያውን «ሄሊፖርት» አለው። መዝገበ ቃላትም «አቈራረጡ ስሕተት ነው» ብሎ አልጣለውም፤ ሕዝብ የተናገረውን መዘገበ። እኛስ? «ኤጲስ ቆጶስ» ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ኤጲ» በላይ፥ «ስቆጶስ» ተመልካች ማለት ነው። እኛ «ስ»ን ለፊተኛው ሰጥተን በሁለት ቃል እንጽፈዋለን። ይኸው «ስቆጶስ» በ«ማይክሮስኮፕ» መጨረሻ ካለው «ስኮፕ» ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው፤ የቤተ ክህነቱ አባትና የላቦራቶሪው መሣሪያ በስም ይዛመዳሉ።

ሆኖም ብልትን መፍታት ትርጉምን ማወቅ አይደለም። ላቮዋዚዬ በ18ኛው መቶ ዓመት ኦክሲጅንን «አሲድ አስገኚ» ብሎ የሰየመው አሲድ ሁሉ እርሱ ያለበት መስሎት ነው። ዴቪ በ1810 ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የምንለው ኦክሲጅን እንደሌለበት አስረዳ፤ ስሙ ግን ሳይለወጥ ቀረ። ጥሩ መዝገበ ቃላት የቃሉን አመጣጥ ከፍቺው ለይቶ በቅንፍ የሚያስቀምጠውም ስለዚህ ነው። ይህ ነገር የአማርኛ የሳይንስ ቃላት ለሚያወጡም ይነካቸዋል። «ባዮሎጂ» «ሥነ ሕይወት» ሲባል ብልት በብልት ተተክቶ ምንም አልጐደለበትም። «ኦክሲጅን»ን እንዲሁ ብንተካው ግን የላቮዋዚዬን ስሕተት በአማርኛ እንወርስ ነበር።