አሸዋው ለድምፅ የከፈተው በር

ገደል ፊት ቆሞ ለሚጣራ ሰው ገደል ማሚቶ ስሙን እንዳለ ትመልስለታለች። የባሕር ወለል እንዲህ ታማኝ አይደለም። ከመርከብ የተላከች አጭር የድምፅ ምት ወለሉን ነክታ የምትመለሰው ተበታትናና ተድበስብሳ ነው። ይህን መበታተን አስቀድሞ በሒሳብ ማስላት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ባለሙያዎቹ «ወለሉ ሸካራ ነው?» አይሉም፤ «ለየትኛው ድምፅ?» ነው የሚሉት። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሜትር ስለሆነ፣ የሁለት ሴንቲ ሜትር የአሸዋ ሽብሽብ ለእሱ ሊሾ ነው። 100,000 ጊዜ ለሚርገበገበው ግን ያው ሽብሽብ ተራራ ይሆንበታል። ማዕዘኑም ለውጥ ያመጣል፦ ተጋድሞ ለሚመጣ ድምፅ ሸካራው ይለሰልሳል።

ነገሩ የሚጥመው አሸዋ ላይ ሲደረስ ነው። ውሃ በጠገበ አሸዋ ውስጥ ድምፅ ከውሃው ይልቅ 15 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ ከወለሉ ጋር ከ30 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን የመጣ ድምፅ፣ ወለሉ ልሙጥ ከሆነ፣ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ዘልቆ አይገባም። አሸዋ የዋጠውን ፈንጂ ከሩቅ ለሚፈልግ ባሕር ኃይል ይህ መርዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በፍሎሪዳ፣ ፎርት ዋልተን ቢች አቅራቢያ፣ ተመራማሪዎች ማዳመጫ አሸዋ ውስጥ ቀብረው ሲሞክሩ ግን ድምፁ ገብቶ ተገኘ። በሩን የከፈተለት ማዕበል ያበጀው ሽብሽብ ነበር፤ ሞገዱን እየበተነ ከፊሉን ወደ ታች ይሰደዋል። እንቅፋት የተባለው ሸካራነት መንገድ ጠራጊ ሆኖ አረፈው!

ወለሉ ንብርብር ሲሆን ስሌቱ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዎቹ ወደዚያው ዳርቻ ሲመለሱ ሃሪኬን ኢቫን ቀድሟቸው፣ አሸዋውን ከጭቃ ጋር ደባልቆት ቆያቸው። ጭቃና አሸዋ የሚገናኙበት ድንበር ሁሉ የራሱን ማሚቶ ይልካል፤ ከታች የተመለሰውም ሲወጣ የላይኛውን ሸካራ ገጽ ዳግም ያልፋል። እያንዳንዱን ጉብታ መለካት ስለማይቻል የሒሳብ ሞዴሉ የሚነግረን አማካዩን ነው።

አማካይም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። በ1999ኙ ሙከራ ጠላቂዎች ማበጠሪያ በሚመስል መሣሪያ አሸዋውን ሸነተሩት፤ የጥርሶቹ ርቀት ከሚልኳቸው ድምፆች የአንዱ ሞገድ ርዝመት ግማሽ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ሸንተረሩ ፊቱን ወደ ድምፁ ምንጭ ሲያዞር ማሚቶው ጎላ። ከዚያ ዓሦች ምግባቸውን ሊለቃቅሙ መጡና በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ደመሰሱት።