በራችን ሲንኳኳ
የቤተሰብ ዓምድ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የወታደር ባለቤት ሕፃን ልጇን አዝላ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጣች። ባለቤቷ ግዳጅ ላይ ነበር። ልጁ በጀበና ክንዱን ተቃጥሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ የሰማ ጎረቤት ጠቁሞ ኖሮ፣ በማግሥቱ ሁለት ሰዎች «የሕፃኑን ሁኔታ ልናጣራ ነው» ብለው ገቡ። ማንነታቸውን አልጠየቀችም። ሣጥኗን ከፍተው በረበሩ፤ ያላነበበችውን ወረቀት አስፈረሟት። «ልጄን ይወስዱብኝ ይሆን? አባቱ ሲመለስስ ምን እለዋለሁ?» ስትል እንባዋ ቀደማት። እኛም «ባለቤትዎ እስኪመለስ ይጠብቁ» ብለን ሸኘናት። ሕጉን ገልጠን ካነበብን በኋላ ግን ምክራችን ስሕተት እንደነበረ ተረዳን።

አባወራው ግዳጅ ላይ ቢሆንም ቤቱ ያለ ኃላፊ አይቀርም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 219፣ በጋብቻ ዘመን አባትና እናት የልጆቻቸው የጋራ አሳዳሪና ሞግዚት መሆናቸውን ደንግጓል። ስለዚህ እናት በር ላይ ቆማ የምትናገረው በራሷ ሥልጣን እንጂ በባሏ ውክልና አይደለም።

ቤትም የተከበረ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13፣ ሕግ ከፈቀደው ምክንያት በቀር ማንም ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ ወደ ሰው ቤት እንዳይገባና እንዳይፈትሽ ከልክሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 ይህንኑ አጽንቷል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ እንዲገልጽ፣ ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲፈጸም አዝዟል። ያለ ትእዛዝ መበርበር የተፈቀደው ለፖሊስ ነው፤ ያውም እጅ በእጅ ሲከታተሉት የነበረ ወንጀለኛ ቤት ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃው እንዳይሸሽ ሲያሰጋና በመሳሰለው ጠባብ ምክንያት ነው። ሴት ስትፈተሽም ፈታሿ ሴት መሆን አለባት።

እንግዲህ እኅቶቻችን፣ በር ሲንኳኳ አትደንግጡ። መታወቂያና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጠይቁ፤ የመጡበትን ምክንያት አድምጡ፤ ስማቸውንና ቀኑን መዝግቡ። ብትፈቅዱ እስከ ሳሎን ብቻ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ሳሎን መፍቀድ ሣጥን መፍቀድ አይደለም። ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ከመሳደብና ከመገፋፋት ተቆጠቡ። አባቶቻችን ገላጋይ በሌለበት «በሕግ አምላክ!» ብለው የሰውን እጅ ያቆሙ ነበር፤ እናንተም በጨዋ ቃል ሕግን ጥሩ። ፈቃድ መንፈግ ግን ጉዳዩን አይዘጋውም፤ ወደ ፍርድ ቤት ሊያመራ እንደሚችል አትዘንጉ።

ወንድሞቻችን የሠራዊቱ አባላትም አንድ ነገር ልብ በሉ። መብት የበደል መሸፈኛ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ አዝዟል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576፣ ለማሳደግ የሚደረግን ተገቢ ተግሣጽ ለይቶ፣ ሕፃንን ማንገላታትን ያስቀጣል። በቀበቶ የተገረፈ ልጅ ያለበት ቤት በሩን ቢዘጋ የሚጠብቀው ክብሩን ሳይሆን ጥፋቱን ነው። የጎረቤትንም ጥቆማ በጠላትነት አንየው፤ የሌላው ልጅ ሲያለቅስ እኛም ጆሯችንን መድፈን አይገባንም።

ያችን እናት በሦስተኛው ቀን አስጠርተን ይቅርታ ጠየቅናት። የሐኪም ማስረጃ አያይዛ፣ የፈረመችበት ወረቀት ግልባጭ እንዲሰጣት በራሷ ስም ማመልከቻ ጻፈች። ስትወጣ ልጁ ክንዱ እንደተጠቀለለ በጀርባዋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን እርሷ አላለቀሰችም።