ስለ መንግሥት ጨረታ፤ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ብቻውን አያሸንፍም

ጨረታ የሚለው ቃል በእኛ ገበያ ሁለት ሥራ ይሠራል። ዕቃ ለመሸጥ ሲወጣ ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ይገዛል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ለመግዛት ወይም ሕንፃ ለማሠራት ሲያወጣው ግን ነገሩ ተገልብጦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ይመረጣል ይባላል። ይሁን እንጂ ይህን አባባል እንደ ሙሉ ሕግ የያዘ ነጋዴ ሊጐዳ ይችላልና፣ ሥርዐቱን ከመነሻው መመልከት የሚገባ ነው።

በአገራችን የፌዴራል መንግሥት ግዢ በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 430፣ ቀጥሎም በ2001 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 649 ሲመራ ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1333 ታውጇል። የሕጎቹ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ገንዘብ ተገቢውን ዋጋና ጥራት እንዲያስገኝ፣ ነጋዴውም ያለ አድልዎ እንዲወዳደር ነው። ስለዚህ ዋናው መንገድ ግልጽ ጨረታ ሲሆን፣ በጥቂት ተጋባዦች መካከል የሚደረገው ውድድርና ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት በሕጉ የተመለከተ ምክንያት ሲኖር ብቻ የሚፈቀዱ ናቸው።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ዋጋ መጻፍ ሳይሆን ሰነዱን ማንበብ ነው። የሚፈለገው ዕቃ ዐይነትና መጠን፣ የማስረከቢያው ቦታና ጊዜ፣ የግምገማው መመዘኛ ሁሉ በዚያ ተጽፏል። ግልጽ ያልሆነ ነገር ቢኖር ጥያቄ የሚቀርበው ከመዝጊያው ቀን በፊት በጽሑፍ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የደረሰ ሰነድ ተቀባይነት የለውም፤ አምስት ደቂቃ ዘገየሁ ማለትም ምክንያት አይሆንም።

ጨረታው በግልጽ ተከፍቶ ዋጋ ሲነበብ አሸናፊው ታወቀ ማለት አይደለም። የግምገማው ኮሚቴ በቅድሚያ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ማስረጃ፣ የጨረታ ማስከበሪያና ፊርማ መሟላታቸውን ይመረምራል። ቀጥሎ ዕቃው ወይም ሥራው በሰነዱ ከተጠየቀው ጋራ መስማማቱን ያጣራል። ከዚህ ወንፊት ያለፉት ብቻ በዋጋ ይነጻጸራሉ። ስለሆነም ጉልህ ጉድለት ያለበት ርካሽ ዋጋ ከሚዛኑ ላይ ሳይወጣ ይቀራል።

የሒሳብ ስሕተትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 200 ጠረጴዛዎችን እያንዳንዳቸውን በ1,250 ብር ለማቅረብ ጽፎ፣ በድምሩ ግን 205,000 ብር ቢያሰፍር፣ በመደበኛው የጨረታ ሰነድ የሚጸናው የነጠላው ዋጋ ነው። ስለዚህ ድምሩ ወደ 250,000 ብር ይታረማል፤ በ240,000 ብር የቀረበውም ተወዳዳሪ ይቀድመዋል። ከታረመ በኋላ አሁንም አንደኛ ሆኖ የተገኘ ተጫራች እርማቱን አልቀበልም ቢል ደግሞ ከውድድሩ ይወጣል፤ ማስከበሪያውንም ሊያጣ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ማለት ይህ ነው።

ከዚህም የሚብሰው አውቆ ከወጪ በታች ዋጋ ማቅረብ ነው። አሸንፎ ውል አልፈርምም ያለ ማስከበሪያውን ያጣል፤ ፈርሞ ያላስረከበም የውል ማስከበሪያውን ሊወረስ፣ ከወደፊት ጨረታዎችም ሊታገድ ይችላል። በተለይ አስመጪዎች የውጭ ምንዛሪ ዋጋ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ዋጋው ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ሊለወጡ እንደሚችሉ አስቀድመው ማሰብ ይገባቸዋል።

በውጤቱ ተበደልሁ የሚል ተጫራች በገበያ ከማማት ይልቅ ሕጉ በወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አቤቱታ ያቅርብ፤ በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኀላፊ፣ ካልረካም አቤቱታ ለሚመረምረው ቦርድ። ቀኑ ካለፈ ግን እውነት ያለውም ሰው ሰሚ አያገኝም።

በቅርብ ዓመታት የፌዴራል ግዢ ደረጃ በደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ተዛውሯል። የታሸገው ፖስታ በኮምፒዩተር ቢተካም፣ ሰነዱን በጥንቃቄ አንብቦ፣ ሒሳቡን ደግሞ ቆጥሮ፣ ሊፈጽም የሚችለውን ብቻ የሚፈርም ነጋዴ ዛሬም ጥቅሙ የተጠበቀ ነው።