የጉበት ትል የከብትን የነቀርሳ ምርመራ ስለ ማሳሳቱ

በጨፌና በረግረግ የሚሰማሩ ከብቶችና በጎች የጉበት ትል እንደሚይዛቸው ለአገረ ገዥዎች፣ ለባለርስቶችና ለወረዳ ሹማምንት አዲስ ነገር አይደለም። የታረደው በሬ ጉበት ጠንክሮ ቢላዋ ሲያርፍበት አሸዋ እንደ ነካ የሚንኮሻኮሸው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ጉዳቱ በጉበቱ ብቻ የሚቀር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ትሉ ከዚያ የከፋ ሥራ አለው፤ ይኸውም የከብቱን የደም ዘበኞች ማታለሉ ነው።

የትሉ እንቁላል ከእበት ጋር ወጥቶ በውሃ ይፈለፈላል፤ በትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶም ይበዛል። ከዚያ የወጣው እጭ ሽፋን ለብሶ በሣር ላይ ሲጣበቅ ከብቱ ግጦ ይውጠዋል። የተዋጠውም የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ጉበት ይገባል፤ በዚያም ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ያህል ሥጋውን እየበላ ከዞረ በኋላ በሐሞት ቧንቧ ይቀመጣል።

በእንስሳ ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ባዕድ ነገርን ይዋጋሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን ቅመም እያወጡ እንደ ነቀርሳ ባለ ስውር ጠላት ላይ ሌሎቹን ያስነሣሉ። የተበሳውን ሥጋ የሚጠግኑም አሉ፤ ውጊያው ከመጠን እንዳያልፍ የሚገቱም አሉ። የጉበት ትል በሚያወጣው ፈሳሽ የፊተኞቹን ያደክማል፤ ጠጋኞቹንና ገቺዎቹን ግን ያበረታል። የደም መከላከያ በላዩ ሲለጠፍበትም የላይ ልባሱን ገፍፎ ጥሎ ሌላ ይለብሳል፤ ሌባ የተያዘ ነጠላውን ጥሎ እንደሚያመልጥ ነው። ስለዚህ በግ ታክሞ ቢድን እንኳ ዳግመኛ ከመያዝ የሚጠብቀው ኃይል አያገኝም።

ሹማምንትን በብርቱ የሚነካው ጉዳይ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከብት ነቀርሳ ያለበት እንደ ሆነ የሚመረመረው ቱበርኩሊን በአንገቱ ቆዳ ተወግቶ ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱ ሲለካ ነው። ቆዳውን የሚያሳብጡት እነዚያው ትሉ ያደከማቸው ሕዋሳት ናቸው። እነርሱ ካንቀላፉ ቆዳው በሚገባ አያብጥም፤ የታመመችውም ላም ጤነኛ ተብላ ትጻፋለች። ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ከ3,000 በሚበልጡ የወተት ከብት መንጋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በትሉ ምክንያት ሳይታወቅ የሚያልፈው ነቀርሳ ሲሦ ያህል እንደሚሆን ገምቷል። ያችን ላም የገዛ ሰው በሽታውን ወደ በረቱ ያስገባል፤ ወተቷን ሳያፈሉ የሚጠጡ ልጆችም ሊያዙ ይችላሉ።

ስለዚህ ከረግረግ አገር የመጣ መንጋ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ቢቀርብ፣ ሹሙ ስለ ጉበት ትልም መመርመሩን ይጠይቅ። የእበት ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከተዋጠ 10 ሳምንት ያህል ቆይቶ ነውና። መድኃኒቱም ይለያያል፤ አልቤንዳዞል ያደገውን ትል ብቻ ይገድላል፤ ለጋውን የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው። ባለርስቱ ጨፌውን ቢያጥርና ከብቱን በደረቅ ገንዳ ዳር ቢያጠጣ ወጪው ከአንዲት ላም ዋጋ አይበልጥ ይሆናል።