ተሠርቶ ያልነሳ ሞተር

የመኪናው ቴስታታ ወርዶ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ተገጥሟል። ቁልፍ ሲዞር ሞተሪኖው ይጮኻል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ወሬ በየጋራዡ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ቦቢናው ሞቷል ይላል፤ ሌላው ነዳጅ ፖምፓውን ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይደመድማል። ለጥገናው ከከፈለው ገና ያላገገመው ባለመኪናም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይላካል።

ሱቁ መቅደም አልነበረበትም። መኪናው ውሃ ቢጨርስም፣ ዘይት ቢያፈስም፣ ጋራዥ የገባው በራሱ ተነስቶ ከሆነ ያን ዕለት ቦቢናውም ፖምፓውም ይሠሩ ነበር። በቆመበት ጊዜ በአጋጣሚ ተበላሽተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንም ያልነካው ዕቃ በዚያው ሳምንት በራሱ የሚሞትበት ዕድል፣ ተፈትቶ የተገጠመ ዕቃ በስህተት ከሚገጠምበት ዕድል ጋር ሲወዳደር በጣም ትንሽ ነው። ቴስታታ ሲወርድ የባትሪ ገመድ ይፈታል፤ የማሳው ሽቦ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ የካንዴላ ገመዶች ይነቀላሉ፤ የታይሚንግ ቼይን ወይም ቺንጋ ይወርዳል፤ የነዳጅና የውሃ ቱቦዎች ይከፈታሉ፤ ቫልቮች እንደገና ይስተካከላሉ። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእነዚህ መካከል ነው። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ምን እንደተነካ በመዘርዘር ነው፤ ዝርዝሩን ደግሞ ከሠራው መካኒክ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ማዳመጥ ነው። ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም ሞተሪኖው እያቃሰተ ከዞረ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ፋኖስ ስለበራና ጥሩንባ ስለጮኸ ብቻ ባትሪው ደህና ነው ማለት አይቻልም፤ ፋኖስ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ሲሆን ሞተሪኖ ግን ከመቶ በላይ ይስባል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሳይነካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው እያዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ከባትሪው ይበልጥ የሚረሳው ግን ማሳው ነው። ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ሽቦ ሳይታሰር ሲቀር፣ ወይም ቀለምና ዝገት ላይ ሲታሰር፣ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ባትሪ መዋሻውን ኬብል አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በቀጥታ ከሞተሩ ብረት ጋር አያይዞ መሞከር ነው። ሞተሪኖው በዚያ ጊዜ ነፍስ ከዘራ ማሳው ተይዟል ማለት ነው።

ሞተሩ ትንሽ ዞሮ በአንዴ ድርቅ ብሎ ከቆመ ግን እዚያው መቆም ያስፈልጋል። ቴስታታው ሲወርድ ከውሃ መንገዱ የፈሰሰ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። አየር ይጨመቃል፤ ውሃ አይጨመቅም። በግድ ሲዞር የሚታጠፈው ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ ነው። ያን ጊዜ የጓርኒሲዮን ሥራ ወደ ሙሉ እድሳት ይለወጣል። ካንዴላዎቹን ፈትቶ ሞተሩን በመፍቻ በእጅ ማዞር ውሃውን በቀዳዳው ያስወጣዋል። እንዲያውም ከማንኛውም ተመሳሳይ ሥራ በኋላ፣ ሞተሪኖ ከመነካቱ በፊት፣ ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ግዴታ መሆን ነበረበት። ታይሚንጉ ከሳተና ቫልቭ ከፒስተን ጋር የሚገናኝበት ሞተር ከሆነ እጅ ቀስ ብሎ ይደርስበታል፤ ሞተሪኖ ግን ቫልቩን አጥፎ ያልፋል።

ሞተሪኖው ያለወትሮው ፈጥኖ፣ ያለ ምንም ማመንታት ከዞረ ሲሊንደሮቹ አየር አይዙም ማለት ነው። በትክክለኛው ምት እየዞረ አንዲት ፍንዳታ እንኳ ካላሰማ እሳት ወይም ነዳጅ የለም። በካርቡራተሩ ወይም በማርሚታው በኩል «ጧ» እያለ ከተኮሰ ደግሞ እሳትም ነዳጅም አለ፤ የተሳተው ጊዜው ነው።

ይህን የመጨረሻውን ከአሮጌዋ ላዳ የተሻለ የሚያስረዳ መኪና አላውቅም። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ አዲስ አበባን ለዓመታት ያመላለሰችው ላዳ፣ ፊያት 124ን መነሻ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሊያቲ ከተማ መሠራት የጀመረው የመኪና ቤተሰብ አባል ናት። ሞተሯ ቀላል ነው፤ ግን የማያውቃትን የምታጠምድበት አንድ ቦታ አላት።

በእንዲህ ዓይነት ሞተር ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንዴ ብቻ ይዞራል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ፒስተን በአንድ የሥራ ዑደት ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ አንዴ አየርና ቤንዚኑን ጨምቆ፣ አንዴ ደግሞ የተቃጠለውን ጭስ ገፍቶ። እሳት የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። 1ኛውና 4ኛው ፒስተን ሁልጊዜ አብረው ይወጣሉ፤ አንዱ ሲጨምቅ ሌላው ጭሱን እያስወጣ ነው። ከላይ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም።

መካኒኩ ቼይኑን ሲገጥም የፑሊውን ምልክት ከሞተሩ የፊት ሽፋን ረጅም ምልክት ጋር፣ የካምሻፍቱን ጥርስ ምልክት ደግሞ አጠገቡ ካለው ምልክት ጋር ያስተካክላል። ሁለቱም ከገጠሙ ቼይኑ ልክ ነው። ከዚያ በብዙ መኪና እንደለመደው 1ኛው ሲሊንደር ጭመቃ ላይ ነው ብሎ ያስባል፤ የዲስትሪቢዩተሩን ሮተር ወደ 1ኛው ገመድ አዙሮ ያስራል። በላዳ ግን እነዚያ ምልክቶች ሲገጥሙ ጭመቃውን የጨረሰው 4ኛው ሲሊንደር ነው። ዲስትሪቢዩተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ስለሚገባ ስህተቱን የሚከለክል ነገር የለም። እሳቱ በዲስትሪቢዩተሩ ላይ በትክክል ግማሽ ዙር ይስታል። 1ኛው ሲሊንደር እሳት የሚደርሰው ጭሱን አስወጥቶ ሲጨርስ፣ የአየር ማስገቢያ ቫልቩ መከፈት ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ ነበልባሉ ወደ ካርቡራተሩ ይመለሳል። ላዳ የለመደ መካኒክ ይህን ተኝቶም ያውቀዋል። ቪትዝ ሲሠራ ያደገ ወጣት ላዳ ሲመጣለት ግን ቀኑን ሙሉ ካንዴላ ሲቀያይር ሊውል ይችላል፤ አይፈረድበትም።

ማረጋገጫው የሚጠይቀው አንድ ጣት ነው። ለራዲያተሩ ቅርብ የሆነውን የ1ኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥቶ ቀዳዳውን በጣት መድፈን፣ ሌላ ሰው ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ እንዲያዞር ማድረግ። አየር ጣትን ሲገፋ ፒስተኑ እየጨመቀ ነው፤ ምልክቱ ሲገጥም ማቆም፣ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍቶ ሮተሩ የማንን ገመድ እንደሚያይ መመልከት ነው። 4ኛውን የሚያይ ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። ዲስትሪቢዩተሩን ለማውጣት የሰነፈ ሰው የ1ኛውን ገመድ ከ4ኛው፣ የ3ኛውን ከ2ኛው ቢለዋውጥ ያው ውጤት ያገኛል፤ የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ ሁለት ቦታ መዝለል ግማሽ ዙር ማለት ነው። ሥራው ግን ንጹሕ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚከፍተውን መካኒክ ያሳስታል።

ተኩስም ከሌለ፣ ዙሩም ፈጣን ከሆነ፣ ቫልቮቹ ይታዩ። በላዳ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በካሙና በቫልቩ መግፊያ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ያለ ክፍተት አጥብቆ ያሰረ ሰው ቫልቩ ጨርሶ እንዳይዘጋ አድርጎታል፤ ሲሊንደሩም የሚይዘው አየር የለም።

ኮምፕሬሽን ሲለካ ደግሞ ደጋ ላይ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የአምራቾች መጽሐፍ ቁጥሩን የሚሰጠው ባሕር ጠለል ላይ ለሚገኝ አየር ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደር የሚጨምቀው የሳበውን አየር ስለሆነ፣ መጽሐፉ 12 ባር የሚልለት ጤነኛ ሞተር እዚህ 9 ባር አካባቢ ያሳያል። ይህን ያላሰበ ሰው «ሞተሩ ደክሟል፣ ፋሻ ይቀየር» ብሎ ጤነኛ ሞተር ያስወርዳል። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ይበልጥ ይናገራል። ሁሉም ከዚህም በታች እኩል ዝቅ ካሉ ታይሚንግ ይጠርጠር፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን፤ አንዱ ብቻ ከወረደ ቫልቩ።

ኢንጀክሽን ባላቸው ብዙ መኪኖች ዲስትሪቢዩተሩ የለም፤ አመክንዮው ግን ያው ነው። ኮምፒውተሩ ክራንክ ሻፍቱ መዞሩን የሚያውቀው በአንድ ሴንሰር ነው። የዚያ ሴንሰር ሶኬት ሳይሰካ ከቀረ ወይም ሽቦው በሞተሩና በማርሹ መካከል ተጨፍልቆ ከሆነ፣ እሳቱም ነዳጁም አብረው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም ለኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ ነው። እሳትና ነዳጅ በአንድ ጊዜ ሲጠፉ ሁለት ዕቃ ከመጠርጠር ሁለቱን የሚያዝዘውን አንድ ምልክት መፈለግ ይቀላል። ስካነር ተገጥሞ ሞተሪኖው ሲያዞር የዙሩ ቁጥር ዜሮ ላይ ከቀረ መልሱ እዚያ ነው። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ሶኬቶች መቀያየራቸው፣ ከአየር ማስገቢያው ጀርባ የምትታሰረው ቀጭን የኮምፒውተር ማሳ መረሳቷም የተለመደ ነው። ካንዴላ ሲወጣ በቤንዚን ርሶ ከተገኘ ነዳጅ አለ፤ ደርቆ ከተገኘ የለም። ለዚህ ስካነርም አያስፈልግም።

ናፍጣ ሞተር እሳት ስለማይፈልግ ጥያቄው ያጥራል፤ ጭሱን ማየት ነው። ሞተሪኖው እያዞረ በማርሚታ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ ያልነደደው በካንዴሌታ፣ በኮምፕሬሽን ወይም በታይሚንግ ምክንያት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ከጥገና በኋላ ደግሞ ያ ማለት ብዙውን ጊዜ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በቶዮታ 5ኤል፣ ከማጣሪያው በላይ ባለው የእጅ ፖምፓ አየሩን ገፍቶ፣ ከዚያ በኢንጀክተሮቹ ላይ ያሉትን ዳዶዎች ትንሽ አላልቶ ናፍጣው ያለ አረፋ እስኪመጣ ማዞር ይበቃል። ኮመን ሬይል ባላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ይህ መሞከር የለበትም። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚወጣው ናፍጣም ቆዳ በስቶ ይገባል።

በዚህ ሁሉ መካከል ሞተሪኖውም ይታዘንለት። ከአሥር ሰከንድ በላይ ሳያቋርጥ ማዞር ጠመዝማዛውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ያኔ ያልነበረ ብልሽት ይጨመራል፣ ፍለጋውም ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጣት አሁንም ወደ ቦቢናው የሚያመለክት ከሆነ፣ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ቦቢና ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ለአሥር ደቂቃ መዋስ ይቻላል። ላዳም ቪትዝም በየመንደሩ ስላሉ የሚያውስ አይጠፋም፤ የኤሌክትሪክ ዕቃን ግን አንዴ ከተገጠመ በኋላ መልሶ የሚቀበል ሱቅ ማግኘት ከባድ ነው።